የሚደርቀውና የማይደርቀው ዘይት

ሠዓሊዋ ሸራዋን ታናግራለች። ብቸኝነት አይደለም፤ እብደትም አይደለም፤ ጠብ ነው። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ፊቱን ካዞረችበት ግድግዳ መልሳ መቆሚያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ብሩሾቿን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጨመቀች፣ ቃሉ ቀጭኑን ግድግዳ በስቶ እንዲያልፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ደህና አደርክ? አንተ ብቻ ነህ እኮ የምትሰማኝ። የሌላው ሰው ጆሮማ በክር ተሰፍቷል» ትለዋለች።

ከግድግዳው ማዶ ድድድድ ሲል የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ ይላል። ከዚያ የታላቅ እህቷ ድምፅ ይመጣል። እሷም የምታናግረው ሰው አይደለም፤ መኪናዋን ነው።

«አይዞሽ የኔ እመቤት። አንቺስ ብትጮሂ ሥራ ሠርተሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስታጨማልቅ ውላ ደከመኝ የምትልም አለች።» ድድድድ።

እንዲህ እየተባባሉ አራት ዓመት ሞላቸው። ፊት ለፊት አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ማለት ነው። በአሽሙር ከሆነማ አንድ ቀን እንኳ አላረፉም።

ሁለቱም ሃምሳን ዘለዋል። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ታናሺቱ ባሏን ራሷ ሸኝታዋለች፤ የአኳራጅ ሽታ ራሴን ያዞረኛል ቢላት ጊዜ «በሩ ያው» ብላው ነው አሉ። አኳራጅ ያው ቀለም የሚቀጥንበትና ብሩሽ የሚታጠብበት ነገር ነው፤ ሽታው እንኳን ባልን ጎረቤትን ያስኮበልላል። ሰፈሩ ታላቂቱን «መርፌ» ይላታል፤ ስለምትሰፋም ስለምትወጋም። ለታናሺቱ ቅጽል ስም ሊያወጣ የሞከረ ሁሉ ግን የባሰ ስም ይዞ ስለሚመለስ፣ እሷ ዝም ብላ ሠዓሊዋ ሆና ቀረች።

ሆድና ጀርባ የሆኑት እናታቸው ስትሞት ነው። ቤቱን ተካፈሉ። ወንበሩን ተካፈሉ። ማንኪያው ሰባት ሆኖ አንዱ ቢተርፍ እሱን ከእናታቸው ጋር እንቅበረው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። እናትየዋ ደግሞ ምንም ነገር መጣል የማይሆንላት ሴት ነበረች፤ ካልጋዋ ሥር አንድ ካርቶን ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተገኘ፤ ቡናማ፣ የታጠበ፣ ነጭ ክዳኑ የተገጠመለት። አስራ ሁለት። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈዋል፤ እነሱ ስድስት ስድስት ተካፈሉት። ይህን ጠርሙስ አደራ እንዳትረሱት፤ መዘዙ የሚመጣው ከሱ ነው።

የቀረው የእናታቸው መኝታ ክፍል ነበር። ይህ የኋላው ክፍል ትልቅ መስኮት አለው፤ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፤ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ከሰዓት እንዳለ ነው፤ አይጨምር፣ አይቀንስ። ለሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን አለ! ለልብስ ሰፊም ቢሆን ያው ነው። አጎታቸው ዕጣ ጣሉ አላቸው። ወረቀቱን የቆራረጠችው ሠዓሊዋ ነበረች፤ መጀመሪያ እሷው እጇን ሰዳ ከአጎትየው ባርኔጣ ውስጥ ዕጣ ስታወጣ ክፍሉ ለሷ ደረሰ። መርፌ የተከፈተውን ወረቀት ከመሬት አነሣች፣ አየችው፣ ፊቷ ተቀየረ።

«ጥጉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለበት።»

«እጄ መቼ ከቀለም ጸድቶ ያውቃል?» አለች ሠዓሊዋ።

በቀጥታ የተነጋገሩት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ዘንድሮ ነገሩ ባሰ። መርፌ ዓይኗ ደከመ፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አልታይ አላት፤ የፊተኛው ክፍል ደግሞ ብርሃኑን ከመንገድ የሚለምን ነው። አጎታቸው ጋ ሄዳ አለቀሰች። አጎትየው ሁለቱንም አስጠርቶ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው።

«እናንተ ልጆች፣ ሞቴን ሳልጠብቅ ልትገድሉኝ ነው» አለ። «ይቺ ክፍሉ ለሥራ ነው ትላለች። ያቺ የምን ሥራ፣ አንድም ሥዕል ከዚያ ቤት ሲወጣ አይቼ አላውቅም ትላለች። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ አዲስ አዳራሽ ሲከፈት የድሮዋ ርእሰ መምህርት ሥዕል ይሰቀላል ተብሎ ላንቺ ተሰጥቶሻል አይደል? በዚያን ቀን ሥዕሉ ደርቆ፣ አምሮ ተሰቅሎ ካየሁ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ማንም አይጠይቅሽም። ካልተሰቀለ መኪናዋን ታስገባለች። ጨረስኩ።»

ሁለቱም «እሺ» አሉ፤ ለአጎታቸው እንጂ ለእርስ በርሳቸው አይደለም።

ርእሰ መምህርቷን ተማሪው ሁሉ «ማስመሪያ» ነበር የሚላት፤ ቀጥ ብላ ስለምትሄድና በማስመሪያ ጣት ስለምትመታ። ጡረታ ከወጣች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ አሁንም ቀጥ እንዳለች ናት። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት እየመጣች መስኮቱ አጠገብ ልትቀመጥ ተስማማች። የመጀመሪያው ቀን ገና ከበሩ ቆማ ሠዓሊዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«ሒሳብ ደብተር ላይ ስትጭሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ ቲቸር።»

«ያው ነሽ። ደብተሩ ብቻ ነው ያደገው» ብላ ተቀመጠች።

ሠዓሊዋ ሥራ ላይ ሰው አትሆንም፤ ዓይን ብቻ ነው የምትሆነው። ሸራውን ራሷ ትወጥረዋለች፤ በጣቷ ስትጠነቁለው እንደ ከበሮ ካልጮኸ ሚስማሩን ነቅላ እንደ ገና ትጀምራለች። ሙጫ ትቀባዋለች፣ ነጩን መደብ ሦስቴ ትደርብበታለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች። ቀለሙን የምታዋህደው ከሥሩ ግራጫ ወረቀት በተነጠፈለት የመስኮት መስታወት ላይ ነው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ዳቦውን በግራ እጇ፣ ቀኟ ቀለም ስላለበት። አንዳንዴ ደግሞ ዳቦው ላይ ሰማያዊ ታገኛለች፤ ዙሪያውን ገምጣ ትጥለዋለች።

ከሁሉ በላይ የምታከብረው አንድ ሕግ አላት፤ ቀጭኑ ከታች፣ ቅባታሙ ከላይ። መጀመሪያ ቡኒ ቀለም በአኳራጅ ብቻ አቅጥና ፊቱን በጥላ ትይዘዋለች፤ ያ በቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በየደረጃው የተልባ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረገች ታወፍረዋለች። የተልባ ዘይት እንደ ሌላው ዘይት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ደርቆም እንደ ቆዳ ይጠነክራል። የምታስቀምጠው ከሸራው ጎን መደርደሪያው ላይ፣ በእናቷ ቡናማ የሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ምን እንደሆነ አልጻፈችበትም። ለማን ብላ ትጽፋለች? ክፍሉ የሷ፣ ጠርሙሱ የሷ።

ማስመሪያ መቀመጥ ታውቃለች፤ ዝም ማለት ግን አልፈጠረባትም።

«አፍንጫዬ ይሄ ነው?»

«ገና ነው ቲቸር።»

«አፍንጫ ገና አይባልም። ወይ አለ ወይ የለም።»

«አገጭዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።»

«እኔ ለማንም ዝቅ አድርጌ አላውቅም።»

በአራተኛው ረቡዕ ስትገባ ደግሞ ሸራው ተገልብጧል። ሠዓሊዋ ስህተት የምትፈልገው እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ በመስታወት፣ አንዳንዴ ቁልቁል ዘቅዝቃ፤ ፊት ሲገለበጥ ፊትነቱ ይረሳና የተጣመመው ይታያል።

«ማነው የዘቀዘቀኝ?»

«ዓይኖችዎ እኩል መሆናቸውን እያየሁ ነው።»

«አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሺህ ተማሪ በአንድ ጊዜ አይቼባቸዋለሁ። እኩል ናቸው። አቅኚኝ!»

ከግድግዳው ማዶ መርፌ ሳቀች። ለመኪናዋ ነገረቻት፤ «ሰማሽ የኔ እመቤት? ሰውን ዘቅዝቆ መስቀል ሥራ ሆኗል።»

እውነት ለመናገር ግን ፊቱ እየመጣ ነበር። ሠዓሊዋ የምታውቀው ስሜት አለ፤ ብሩሹ ሳታስበው ትክክለኛው ቦታ ሲያርፍ ጀርባዋ ላይ አንዳች ነገር ብርድ ብርድ ይላታል። በአራተኛውና በአምስተኛው ረቡዕ ደጋግሞ ብርድ ብርድ አላት። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ያን የማይለመን አፍ ዘይት በዝቶበት በወፍራሙ ደረበችው። ደረቱን በቡኒው ብቻ ተወችው፤ ማስመሪያ መሣል የምትፈልገው በአዲሱ ሰማያዊ ቀሚሷ ነዋ። ቀሚሱን የሚሰፋው ማን ሆነና? መርፌ።

በሳምንቱ ትንሿን ጣቷን ግንባሩ ጥግ ላይ አስነካች። ጣቷ ሙልጭ ብሎ ሄደ።

ይሁን፤ ብርዱ ነው አለች። በአስረኛው ቀን ነካችው፤ ያው። መስኮቱን ከፈተች፤ ያው። ቡኒው ሌላውንም ያደርቃል ብላ ጨመረችበት፤ ያው። ፊቱ ላቡ እንደማያቆም ሰው ያብለጨልጫል። ዝንብ መጥታ ጉንጩ ላይ አረፈችና ቀረች፤ በወረንጦ አወጣቻት። ቀለም ሻጩ ጋ ሄዳ ሰው እስኪሰበሰብ ተሳደበች። ሻጩ «እትዬ፣ ቀለሙ ያው የድሮው ነው» ቢላት «አንተም ያው የድሮው ሌባ ነህ» ብላው ወጣች። አዳራሹ ሊከፈት አስራ ሁለት ቀን፣ አስራ አንድ ቀን፣ አስር ቀን ቀረ። ጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምትነካው የራሷን ፊት ሳይሆን የማስመሪያን ግንባር ነው። ጣቷን ታየዋለች። ሥጋ የመሰለ ቀለም። ክፍሉ ከእጇ እየተንሸራተተ እንደሆነ በጣቷ ታውቀው ነበር።

በዚያው ሰሞን ማዶም ደህና አልነበረም። ድድድድ የነበረው ድምፅ ድ... ድ... ድ ሆነ፤ ከዚያ ማቃሰት ጀመረ። መርፌ ፔዳሉን በሁለት እግሯ ትረግጠዋለች። ዘይት ትጨምራለች፤ ባሰባት። ደግማ ትጨምራለች፤ ጭራሽ ባሰባት።

«የኔ እመቤት ምን ነካሽ? ሟርተኛ አለብሽ። በግድግዳ የሚያልፍ መርዝ አለ መሰለኝ።»

«ሰማህ?» አለች ሠዓሊዋ ለሸራው። «ለራሷ መኪናም እዳው እኔ ሆንኩ።»

ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መኪናዋ ሰማያዊውን ቀሚስ ኮሌታው ላይ እንደ ነከሰች ቀጥ አለች። አልሄድም፣ አልለቅም። መርፌ ሽማግሌውን የመኪና ጠጋኝ አስጠራች። ሰውየው መጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ የመኪናዋን ሆድ ከፈተ፣ በጥፍሩ አንድ ቢጫ ነገር ፋቅ አድርጎ አነሣ። እንደ ማር ይሳባል። አሸተተው።

«እናንተ ሰዎች! ይሄ ዘይት አይደለም፤ ሙጫ ነው። ማነው የስፌት መኪና በተልባ ዘይት የቀባው? የተልባ ዘይት እኮ ይደርቃል!»

ሠዓሊዋ ኮሪደሩ ላይ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። «ይደርቃል» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ባልዲውን አስቀመጠች። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደች፤ በሁለት ጣቷ መሃል ጠብ አድርጋ አሸችው። ቀጭን። አሸተተችው። የተልባ ዘይት ይሸታል፤ ይሄ ምንም አይልም። ክው ብላ ቆመች። ስንት ዓመት ሙሉ ስታዋህደው የኖረችውን ነገር ዓይኗ ሸራው ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታሸተው ቀረች! ከዚያ ጠርሙሱን እንደ ቢላዋ ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረችና፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእህቷን ክፍል በር ገፋች።

«ክፍሌ ገብተሻል!»

መርፌ ከመኪናዋ ቀና አለች። ሸራም የለም፣ ግድግዳም የለም፤ የምትናገረው ለሷ ነው። መጀመሪያ ያስደነገጣት ይህ ነበር።

«አንድ ቀን ነው» አለች። «ዘይቴ አልቆ፣ ሱቁ ተዘግቶ። አንቺ ሚስማር ልትገዢ ወጥተሽ ነበር። ያው ጠርሙስ፣ ያው ክዳን፤ የመኪና ዘይት ነው ብዬ ወደ ጠርሙሴ ገለበጥኩት፤ እስካሁንም የምጨምረው ከሱ ነው። ምን! በልቼው አልቀረሁም። በማግስቱ አዲስ የመኪና ዘይት ገዝቼ እስከ ነበረበት ድረስ ሞልቼልሻለሁ። እስከ አንገቱ! ያንቺን ጠብታ በቤቴ አላሳድርም።»

«የመኪና ዘይት አይደርቅም!»

«ታዲያ ይሄን እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ብትጠይቂኝስ?»

«አንቺን? ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል።»

«ብትቆርጪውማ ሁላችንም እናርፍ ነበር!»

ጠጋኙ ሁለቱንም አየና መነጽሩን አወረደ። ነገሩ ገባው፤ ገብቶትም ሳቁን ማፈን አቃተው። «እናንተ ልጆች፣ የሚደርቀው መኪናው ውስጥ፣ የማይደርቀው ሥዕሉ ላይ! ሆን ብላችሁ ብትማከሩ እንኳ እንዲህ አይሳካላችሁም እኮ! ለማንኛውም ይሄን የሚያሟሟው አኳራጅ ብቻ ነው። አኳራጅ አለ?»

አራት ዓመት ሙሉ ስትረግመው የኖረችው ሽታ! መርፌ ወደ መኪናዋ ዞራ ለዘብ ባለ ድምፅ፣ «የኔ እመቤት፣ መድኃኒትሽ ጎረቤት አለ አሉ» አለች።

«መኪናዋ አፍ የላትም» አለች ሠዓሊዋ። «ባለቤቷ አፍ ካላት ትጠይቅ።»

«ትጠይቅ ብሎ ነገር! የሥዕልሽ ፊት ላብ በላብ እንደሆነ የማናውቅ መሰለሽ? በዘጠኝ ቀን ውስጥ ያንን ክፍል...»

በሩ ሦስት ጊዜ ተመታ። እንደዚያ አድርጎ የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በማስመሪያ እንደሚመታ። ርእሰ መምህርቷ አዲሱን ቀሚስ እዚሁ ለብሳ ልትሣል መጥታለች። ቀሚሱን ኮሌታው በመኪና ጥርስ ተይዞ ተንጠልጥሎ አየችው። ኮሪደሩን አቋርጣ ሄደች፤ ሸራው ላይ ያለውን የራሷን ፊት በጣቷ ነካች፤ ጣቷን አየች፤ ተመለሰች።

«ግድግዳ ይዛችሁ ቁሙ።»

ሁለቱ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ጠጋኙም ማንም ሳያዘው ብድግ አለ።

«ማነው የጀመረው?»

«እሷ!» አሉ ሁለቱም።

«እኔ ስድስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ወገቤን አሞኛል። ሰባተኛ ጊዜ የምቀመጥ ከሆነ ውሸት በሌለበት ቤት ነው። አንቺ የወሰድሽውን ተናገርሽ፤ ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ሰፈሩም ሰምቷል።» ወደ ሠዓሊዋ ዞረች። «አንቺስ? ይቺ እህትሽ አራት ዓመት ሙሉ ሌባ ስትልሽ የኖረችው ስለ ወረቀት ነው አሉ። ምልክት አድርገሻል?»

ሠዓሊዋ አፏን ከፈተች። «እጄ መቼ ጸድቶ ያውቃል» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አራት ዓመት ስትጠቀምበት ኖራለች። ግን አፍንጫዋ ሥር የቆመችው ማስመሪያ ናት፤ ያ ዓይን ደግሞ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስታጠናው የከረመችው ዓይን ነው። ስድስት ሳምንት የሣሉት ዓይን ፊት መዋሸት እንዴት ይቻላል? ጣቶቿን ደበቀች፤ በማስመሪያ የተመቱት እነዚያ ጣቶች።

«ምልክት አላደረግሁም ቲቸር። ስቆርጠው ከእጄ ነክቶት ነው። ግን... ባርኔጣው ውስጥ እጄን ስሰድ አየሁት። ሰማያዊውን አየሁት። ክፍሉ የተጻፈበት እሱ እንደሆነ አውቄ ነው ያነሣሁት።»

መርፌ ግድግዳውን ለቀቀች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ አንዳንዴ አበድኩ እንዴ እል ነበር።» ከዚያ ፊቷ መልሶ ጠነከረ። እጇን ዘረጋች።

«አኳራጁን ስጪኝ።»

ሠዓሊዋ አመጣች። ጠጋኙ በፊተኛው ክፍል የመኪናዋን ጥርስ በአኳራጅ ያጥባል፤ ሠዓሊዋ በኋለኛው ክፍል የማስመሪያን ፊት ከሸራው በአኳራጅ ታጥባለች፤ አንድ ጠርሙስ ተመላልሶ ለሁለቱም ደረሰ። ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ሠዓሊዋ የቀለም ቢላዋዋን አጋድማ ከግንባሩ ጀምራ ገፈፈችው። ያ ሁሉ ብርድ ብርድ ያላት ጉንጭ፣ ያ የማይለመን አፍ፣ እንደ ቅቤ እየተጠቀለለ ጋዜጣ ላይ ወደቀ።

«ስንት ጊዜ ልትገድይኝ ነው?» አለች ማስመሪያ ከወንበሩ ላይ።

«ይሄ የመጨረሻው ነው ቲቸር።»

ከሥሩ ያ የመጀመሪያው ቡኒ ጥላ ወጣ። ዘይት ሳይነካው በአኳራጅ ብቻ የተሠራው፤ ደርቆ እንደ ድንጋይ። እሷም ቆም ብላ አየችው። ዓይኖቹ እኩል ነበሩ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሠራች። ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ወፍራም የለም። ቶሎ በሚደርቁት የአፈር ቀለሞች፣ ቀጭን አድርጋ፣ አዲስ ከገዛችው የተልባ ዘይት በጥርስ እንጨት ጫፍ ብቻ እየነካች። ጥላውን በቡኒው ተወችው። የቀረውን ያቺ ሴት ሁለት አሮጊት ተማሪዎችን ግድግዳ አስይዛ ስታቆም የነበራትን ዓይን አድርጋ ሣለችው፤ ለማስታወስ አልተቸገረችም። ቀሚሱን ሐሙስ ሳይመሽ ተጠናቅቆ በሯ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው፤ ማንም አላንኳኳም። በሚቀጥለው ሐሙስ ትንሿን ጣቷን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። አነሣቻት። ንጹህ ነበረች። ጣቷን ደግማ ደጋግማ አየቻት፤ እንደዚያን ቀን ንጹህ ጣት አምሮባት አያውቅም!

ዓርብ ተሰቀለ። አጎትየው ባርኔጣውን አውልቆ ሥዕሉ ሥር ቆመና አንገቱን ደፋ፤ የድሮ ተማሪዋ ነበር እሱም። ማስመሪያ ሥዕሏን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ስድስት ከአስር» አለች።

መርፌ ከኋላ ቆማ ነበር። ቀረብ ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ሸራው ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። «የግራው ኮሌታ ዝቅ ብሏል» አለች፤ ለመኪና ሳይሆን፣ ለግድግዳ ሳይሆን።

«እንደሰፋሽው ነው የሣልኩት።»

«ዓይንሽን ላፈር።»

«ያንቺን ያድርገው።»

ክፍሉ የሠዓሊዋ ሆነ፤ አጎትየው በሰው ፊት ተናገረ፤ ጨረስኩ አለ። ሰኞ ጠዋት ሠዓሊዋ አዲስ ሸራ ወጥራ፣ በጣቷ ጠንቁላ፣ ጩኸቱን እየሰማች ሳለ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። መርፌ ናት፤ በአንድ እጇ በርጩማ፣ በሌላው ጥቁር ኮትና ጥቁር ክር። በቀጥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ከኪሷ የጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዋን አወጣችና፣ የመስኮቱን ደፍ በክንዷ ለክታ፣ መሃሉን አግኝታ፣ ከመስኮቱ ጀምራ በግድግዳው አውርዳ በወለሉ ላይ እስከ በሩ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ማስመሪያ ራሷ ብታየው አስር ከአስር ትሰጠው ነበር።

«ዕጣውን አይተሽ ነው ያነሣሽው» አለች። «ክፍሉ ያንቺ ይሁን። ግማሹ ብርሃን የኔ ነው።»

ሠዓሊዋ መስመሩን አየች። የሸራ መቆሚያዋን አንድ ክንድ ወደ ራሷ ጎተተች። መርፌ በርጩማዋን አስቀመጠች፤ ኮቱን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጋ ጥቁር ክሯን በጥቁሩ ጨርቅ ላይ አየችው። ታየ። ፊቷን ግን አዞረች፤ ደስታዋን እህቷ እንዳታይባት።

ሁለቱ ጠርሙሶች መስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ያው ቡናማ፣ ያው ነጭ ክዳን። አንደኛው ላይ በመርፌ እጅ ጽሕፈት «የሚደርቀው» ይላል፤ ሌላኛው ላይ በሠዓሊዋ ሰማያዊ ቀለም «የማይደርቀው»።

«ይሸታል» አለች መርፌ፣ ክር እየሳበች።

«በሩ ያው።»

«ባልሽን ያባረርሽው በዚህ ነው? እኔ ባልሽ አይደለሁም፤ አልወጣም።» ትንሽ ሰፋች። «ደግሞ ክንድሽ መስመሩን አልፏል።»